ቴስቱ ሁሉ አልፏል፤ ባይንዲንጉ ግን ይታመናል?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «የምሠራበት የጭነት ድርጅት የመኪና መሸኛዎችን በኮምፒውተር ፈርሞ በር ላይ ማረጋገጥ ፈለገ። ሊብሶዲየም ለሚባለው የሲ ላይብረሪ (የምስጠራና የፊርማ ሥራ የሚሠራ ዝግጁ ኮድ ነው) የፓይተን ባይንዲንግ ጻፍኩ፤ ላይብረሪውን ከፓይተን ለመጥራት የሚያስችል ማገናኛ ኮድ ማለት ነው። 63 ቴስት አለው፤ ሁሉም ያልፋል። አለቃዬ ግን ‹አስተማማኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?› ሲለኝ የምለው አጣሁ። ሌላ ምን ልፈትሽ? ሰነዱንስ ለማን፣ በምን ቋንቋ ልጻፈው?» የቴስቶቹን ዝርዝርም አያይዛለች።

እህቴ፣ አለቃሽ ደህና ጥያቄ ነው የጠየቀሽ። አብዛኛው አለቃ «ይሠራል?» ብሎ ነው የሚያልፈው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበልና ልለፈው። ለሊብሶዲየም ፓይናክል የሚባል፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የፓይተን ባይንዲንግ አለ። የሚበቃሽ ከሆነ የራስሽን ተዪና እሱን ውሰጂ። የለፋሽበት አይቆጭሽ። «የምፈልገው ሦስት ፈንክሽን ብቻ ነው» የሚለውን ሰበብ አውቀዋለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። የራስሽን ለመቀጠል በቂ ምክንያት ካለሽ ግን ቀጥዪ። ከዚህ በታች ያለው ለዚያ ነው።

ዝርዝሩን አየሁት። ከ63ቱ 58ቱ መልካቸው አንድ ነው። መልእክት ይፈረማል፤ በትክክለኛው ቁልፍ ይረጋገጣል፤ «እሺ» ካለ ቴስቱ አለፈ። የቤትሽን በር በራስሽ ቁልፍ 58 ጊዜ ከፈትሽው ማለት ነው። የጎረቤት ቁልፍስ ይከፍተው ይሆን? አልሞከርሽም። በሩ ጭራሽ የማይቆለፍ ቢሆንስ? ያኔም 58ቱ ያልፉ ነበር። እስቲ ይሄን አድርጊ፦ የማረጋገጫ ፈንክሽንሽን አውጪና በቦታው ሁልጊዜ «እሺ» የሚል አንድ መስመር አስገቢ። ከዚያ ቴስቶቹን አስኪጃቸው። ስንት ይወድቃል? በእኔ ቆጠራ ቢበዛ አምስት።

ለሌላ ሶፍትዌር «ይሠራል» የሚል ቴስት ይበቃ ይሆናል። እዚህ ግን ቴስት የሚጻፈው ላይብረሪውን እንቢ ለማሰኘት ነው። ሰነዱም በዋናነት የሚጻፈው እንቢ ሲል ምን እንደሚሆን ለመናገር ነው።

የራሴን ጉድ ላውራሽ። ከዓመታት በፊት እዚሁ ድሬ ለአንድ መጋዘን እንዳንቺው ዓይነት ነገር ሠራሁ። መሸኛው ላይ ያለው ጽሑፍ ይፈረማል፤ መኪናው በር ላይ ሲደርስ ይረጋገጣል። ቴስቶቼ በሙሉ «ሄሎ»፣ «ቴስት» በሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት የተሞሉ ነበሩ። ሁሉም አለፈ። ሥራ ላይ ዋለ። ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ የመጋዘኑ ጸሐፊ ደወለችልኝ። «40 ኩንታል የሚለውን ተሳስቼ 90 ብዬ አስገባሁት፤ ማሽኑ ግን ትክክል ነው ይላል» አለችኝ። አላመንኳትም። «ሌላ ወረቀት ይሆናል፣ ደግመሽ እዪው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አቦ፣ ያቺን መልሴን ሳስታውስ አሁንም አፍራለሁ።

ጽሑፉ ይሄ ነበር፦ «ከሐረር ወደ ድሬ ድንች 40 ኩንታል»። ቁጠሪው። ባዶ ቦታውን ጨምሮ 22 ምልክት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን 22 ባይት አይደለም። ጽሑፍ ወደ ባይት በሚቀየርበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ደንብ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 15 ፊደል በ3 ሲባዛ 45። አምስቱ ባዶ ቦታና ሁለቱ አኃዝ አንድ አንድ ባይት ናቸው። ድምሩ 52። የሲው ፈንክሽን ደግሞ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ መልእክቱ ሜሞሪ ላይ የት እንዳለና ስንት ባይት እንደሆነ። እኔ ርዝመቱን የለካሁት ጽሑፉን ወደ ባይት ከመቀየሬ በፊት ነው። 22 አልኩት። እሱም የታዘዘውን አደረገ፤ 22 ባይት ፈረመ።

22 ባይት የት ይደርሳል መሰለሽ? «ከሐረር ወደ» ይልና ከ«ድ» ፊደል ሦስት ባይት ሁለቱን ነክሶ ያቆማል። ወዴት፣ ምን፣ ስንት የሚለው ሁሉ ከፊርማው ውጭ ቀረ። ማረጋገጫውም በዚያው በተሳሳተ ርዝመት ስለሚለካ ሁለቱ ይስማማሉ። 40 ተነስቶ 90 ቢገባ የምልክቱ ብዛት አይለወጥም። ድንቹ እጥፍ ከዚያም በላይ ሆኖ «ትክክል ነው» ይባላል።

በእንግሊዝኛ ቃል ቢሆን አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ይመጣሉ። ባጉ እዚያ ተቀምጦ አይታይም። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ የቴስት ዳታ ለጌጥ አይደለም። ድሬ ላይ ደግሞ በዚህ ዕድለኞች ነን። ኦሮምኛና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ በአብዛኛው አንድ አንድ ባይት ናቸው። ዐረብኛ ሁለት ሁለት። አማርኛ ሦስት ሦስት። ኢሞጂ ካከልሽ አብዛኛው አራት ነው። መገላ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ የሱቅ ታፔላ ለቴስት ዳታ ይበቃል ብል ማጋነን አይሆንም።

መድኃኒቱ ርዝመቱን ከተቀየረ በኋላ መለካት ብቻ አይደለም። ባይንዲንግሽ ባይት ብቻ ይቀበል። ጽሑፍ ሲሰጠው «ልርዳህ» ብሎ ራሱ አይቀይር፤ የዓይነት ስህተት ነው ብሎ ይመልሰው። ይሄንንም በቴስት አስሪው።

ከድንቹ የተማርኩት ሁለተኛ ነገር ይበልጣል። ፈራሚውም አረጋጋጩም የእኔ ስለነበሩ አንድ ዓይነት ስህተት ተሳስተው ተስማሙ። የራስሽን ሥራ በራስሽ ሥራ መመዘን እንዲህ ነው። በአንቺ ባይንዲንግ የተፈረመውን በፓይናክል አረጋግጪ። በፓይናክል የተፈረመውን በአንቺው አረጋግጪ። ይሄን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ድንቹ የመጀመሪያው ቀን ይያዝ ነበር። የምትጠቀሚው ኢዲ25519 የሚባለው የፊርማ ዘዴ ስለሆነ ደግሞ አርኤፍሲ 8032 በሚባለው የዘዴው መግለጫ ሰነድ ውስጥ የታተሙ የመሞከሪያ ቁልፎች፣ መልእክቶችና ፊርማዎች አሉ። ሰነዱ የወጣው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2017 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም፣ አንድ ቦታ ሲቀር፣ የፈረንጆቹ ናቸው።) የመጀመሪያው መሞከሪያ መልእክት ባዶ ነው፤ ሌላው 1,023 ባይት። ባዶውን እንዳትዘዪው። ብዙ ባይንዲንግ የሚሰናከለው ባዶ ላይ ነው።

ጉግል በ2016 መጨረሻ ይፋ ያደረገው ዋይቸፕሩፍ የሚባል የመሞከሪያ ስብስብም አለ። ይሄኛው ደስ የሚለኝ አብዛኛው ትኩረቱ መጥፎ ዳታ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ላይ «ይህ መቀበል አለበት»፣ «ይህ መጣል አለበት» የሚል ምልክት አለው። አውርጂና አስኪጂው። ግማሽ ቀን አይፈጅም።

አሁን ወደ ድልድዩ እንምጣ። ባይንዲንግ ድልድይ ነው። በዚህ ማዶ ፓይተን፣ በዚያ ማዶ ሲ። የላይብረሪው ሒሳብ ትክክል መሆኑን የማረጋገጥ ሥራ የአንቺ አይደለም፤ ያንን ሌሎች ሠርተውታል። የአንቺ ድርሻ ድልድዩ ላይ የሚሻገረው ነገር ሳይጎድል መሻገሩ ነው። ግን የደቻቱን ወንዝ በበጋ አይተሽ ስለ ድልድዩ አትፈርጂም። አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በእኛ አቆጣጠር የ1998ን ክረምት ድሬ የነበረ ሰው ያ አሸዋ በአንድ ሌሊት ምን ዓይነት ጎርፍ እንደሚሆን ያውቃል። 58ቱ ቴስቶችሽ የበጋ ናቸው።

የመጀመሪያው ተሻጋሪ የ«እሺ» እና የ«እንቢ» መልስ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ስለሆነ።

ሊብሶዲየም ሲሳካለት 0፣ ሳይሳካለት -1 ይመልሳል። ፓይተን ውስጥ 0 ሐሰት ነው፤ -1 እውነት ነው። የሲውን መልስ እንዳለ ብታሳልፊውና ተጠቃሚሽ «ከተረጋገጠ በሩን ክፈት» ብሎ ቢጽፍ፣ ትክክለኛው መሸኛ ይታገዳል፣ የተጭበረበረው ይገባል። ይሄ እንኳ በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፤ ሾፌሮች ዝም አይሉሽም። ነገ ባይንዲንጉን ወደ ሩቢ ወይም ወደ ሉዋ ብትወስጂው ግን ሌላ ጉድ አለ። እዚያ 0 ራሱ እውነት ነው። 0ም እውነት፣ -1ም እውነት! ሁሉም ይገባል፣ ማንም አያማርርም።

ከሁሉ የባሰው ሦስት ዓይነት መልስ ያለው ነው። ኦፕን ኤስኤስኤል በሚባለው ሌላ የምስጠራ ላይብረሪ ውስጥ ፊርማ የሚያረጋግጥ አንድ የቆየ ፈንክሽን አለ። 1 ካለ ትክክል ነው። 0 ካለ ትክክል አይደለም። -1 ካለ ማረጋገጡ ራሱ ተሰናክሏል። ዜሮ ያልሆነውን ሁሉ «እሺ» ብሎ የሚወስድ ኮድ ተራ የተሳሳተ ፊርማን ይጥላል። ቅርጹ ራሱ የተበላሸ ፊርማ ሲመጣለት ግን -1 ያገኝና ያሳልፈዋል። ይሄ ስህተት በጃንዋሪ 2009 ይፋ ሲሆን የተገኘው ማን ኮድ ውስጥ መሰለሽ? ራሱ ኦፕን ኤስኤስኤል ውስጥ። የላይብረሪው ባለቤቶች የራሳቸውን ፈንክሽን መልስ አሳስተው አነበቡት። አንቺና እኔማ።

ስለዚህ የማረጋገጫ ፈንክሽንሽ እውነት ወይም ሐሰት አይመልስ። ካልተረጋገጠ ኤክሴፕሽን ያንሳ፤ ካልተያዘ ፕሮግራሙን የሚያስቆም የስህተት ምልክት ነው። ከተረጋገጠ የተረጋገጠውን መልእክት ራሱን ይመልስ። እንዲህ ሲሆን መልሱን ማየት የረሳ ሰው እጁ ባዶ ይቀራል እንጂ ሳያውቅ አያልፍም።

ቴስቱን ስትጽፊ አንድ ወጥመድ አለ። «ማንኛውም ኤክሴፕሽን ከተነሳ ቴስቱ ይለፍ» ብለሽ እንዳትጽፊ። የፈንክሽኑን ስም ተሳስተሽ ብትጽፊ ያም ኤክሴፕሽን ነው፤ ቴስቱ በሐሰት ያልፋል። «ፊርማው አልተረጋገጠም» የሚለውን የተለየ ኤክሴፕሽን ብቻ ጠብቂ። አምስቱ የእንቢታ ቴስቶችሽ ውስጥ ሁለቱ እንዲህ ናቸው።

ከዚያ የማበላሸት ሥራ ጀምሪ። ፊርማው 64 ባይት ነው፤ 512 ቢት። አንድ አንድ ቢት እየገለበጥሽ 512 ጊዜ አረጋግጪ። 512ቱም እንቢ መባል አለባቸው። ለማሽኑ ምንም አይደለም፤ ሻይሽን አንዴ ፉት ሳትዪ ያልቃል። መልእክቱንም እንዲሁ አድርጊ፤ በተለይ የመጨረሻዎቹን ባይቶች። የእኔ ድንች እዚያ ነበር የተደበቀው። ፊርማውን በአንድ ባይት አሳጥሪ፣ በአንድ ባይት አስረዝሚ። የሌላ ሰው የአደባባይ ቁልፍ (ፊርማ የሚረጋገጥበትን) ስጪው። 31 ባይት ቁልፍ ስጪው። እዚህ ላይ ልብ በዪ፤ ሲ የቁልፉን ርዝመት አይጠይቅሽም። 32 ባይት ነው ብሎ ያምናል፣ ከ31ኛው ቀጥሎ ያለውን፣ የቁልፉ ያልሆነ ባይት ያነባል። ርዝመቱን ማየት የባይንዲንጉ ሥራ ነው፤ ከመሻገሩ በፊት።

ሁለተኛው ተሻጋሪ ዜሮ ባይት ነው። ሲ ውስጥ ጽሑፍ የሚያልቀው ዜሮ ባይት ላይ ነው። ቁልፍና ፊርማ ግን ጽሑፍ አይደሉም፤ ዜሮ መሐላቸው ሊገባ ይችላል። ሲታይፕስን (ከፓይተን የሲ ፈንክሽን የሚጠራውን መሣሪያ) ነው የተጠቀምሽው ብለሻል። እዚያ ከተዘጋጀ ቋት ላይ ውጤት የሚነበብበት ሁለት መንገድ አለ። «ቫልዩ» የሚለው የመጀመሪያው ዜሮ ላይ ያቆማል። «ሮው» የሚለው ሁሉንም ይሰጣል። የመጀመሪያውን ከተጠቀምሽ መሐሉ ላይ ዜሮ ያለበት ቁልፍ ተቆርጦ ይመጣል። ይሄ በስንት አንዴ ይደርሳል? በዘፈቀደ የተፈጠረ 32 ባይት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዜሮ የመገኘት ዕድሉ 12 በመቶ ገደማ ነው። በየስምንት ዘጠኝ ሩጫው አንዴ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሆናል? ቴስቱ አንዳንዴ ይወድቃል። ሰውየው ደግሞ ያስኬደዋል፤ ያልፋል። «መብራቱ ነው»፣ «ሙቀቱ ነው»፣ «ላፕቶፑ አርጅቷል» ይባላል። ድሬ ላይ በሙቀት ያልተመካኘ ምን አለ? አንዳንዴ የሚወድቅ ቴስት ካለሽ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉም በላይ እሱን እመኚው። ዕድል ላይም አትተዪው። መጀመሪያው፣ መሐሉና መጨረሻው ዜሮ የሆነ ቋሚ ዳታ አዘጋጂና ሁልጊዜ በሱ ፈትሺ።

ይሄ የጀማሪ ስህተት እንዳይመስልሽ። በ2013 ፓይተን፣ ሩቢና ፒኤችፒ ሦስቱም የድረ ገጽ ሰርተፍኬት (የማንነት ማስረጃ) ውስጥ ያለን ስም በሚያነቡበት ኮድ በዚሁ ዜሮ ተይዘዋል። ሌባው በራሱ ድረ ገጽ ስም ሰርተፍኬት ያወጣል፤ ስሙ ግን ፊቱ ላይ የባንክ ስም፣ ቀጥሎ ዜሮ ባይት፣ ቀጥሎ የሌባው ስም ነው። ሰርተፍኬት ሰጪው መጨረሻውን አይቶ «ያንተው ነው» ሊለው ይችላል። ኮዱ ደግሞ ዜሮው ላይ ያቆምና «ባንኩ ነው» ይላል። ሦስት ቋንቋ፣ በአንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት ጉድጓድ።

ሦስተኛው ፖይንተር ነው፤ የሜሞሪ አድራሻ ማለት ነው። ነገሩ አጭር ነው። ሲታይፕስ ፈንክሽኑ ምን እንደሚመልስ ካልነገርሽው ተራ ኢንቲጀር ነው ብሎ ይገምታል። የሚመለሰው ፖይንተር ከሆነ በ64 ቢት ማሽን ላይ የላይኛው ግማሽ ተቆርጦ ይቀራል። አድራሻው ትንሽ ቁጥር የሆነበት ማሽን ላይ ይሠራል፤ ሌላው ላይ ይፈነዳል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚባለው ታሪክ አንዱ ምንጭ ይሄ ነው። የሁሉንም ፈንክሽን የሚቀበለውንና የሚመልሰውን በአንድ ሠንጠረዥ አስፍሪ። ከሠንጠረዡ ውጭ የተጠራ ፈንክሽን ሲገኝ የሚወድቅ ቴስት ጻፊ።

ስለ ሜሞሪ ማፍሰስ ብዙ አልልም። ሦስቱ ፈንክሽኖችሽ ቀላል ናቸው። መቶ ሺህ ጊዜ በዙር አስኪጂና የሚይዘው ሜሞሪ ማደጉን እዪ፤ ለአሁን ይበቃል። የሜሞሪ ስህተት የሚፈልገውን ቫልግራይንድን ከፈለግሽ ተጠቀሚ፤ ግን የሚልሽን ሁሉ አትታዘዢ። ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ላይ የሆነውን ታውቂው ይሆናል። በ2006 ቫልግራይንድ ያማረረበትን የኦፕን ኤስኤስኤል ኮድ አንድ ሰው በቅን ልቦና አነሳው። የተነሳው ዘፈቀደነትን የሚያመጣው ክፍል ነበር። ከዚያ በኋላ የሚፈጠር ቁልፍ የሚለያየው በፕሮሰስ ቁጥሩ (ለሚሠራ ፕሮግራም በሚሰጠው መለያ ቁጥር) ብቻ ሆነ፤ 32,768 ዓይነት። የታወቀው በሜይ 2008 ነው። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ተቀምጧል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ቁልፎቹ ይፈርማሉ፣ ይመሰጥራሉ፣ ይፈታሉ። «ይሠራል?» የሚል ቴስት ቢሆን ሁሉንም ያሳልፋቸው ነበር።

ይሄ ወደ ሰነዱ ይወስደኛል። ያ መስመር ለምን እዚያ እንዳለ አጠገቡ በግልጽ ተጽፎ ቢሆን ምናልባት አይነሳም ነበር። በባይንዲንግሽ ውስጥ እንግዳ የሚመስል መስመር ካለ፣ ለምን እንግዳ እንደሆነ እዚያው ጻፊ። ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ልጅ ማጽዳት ይወዳል።

ሰነድ ሲባል ሰው የፈንክሽን ዝርዝር ይመስለዋል። ዝርዝሩማ በቀላሉ ይመጣል። ሰው ግን ሰነድ አያነብም፤ ምሳሌ ይገለብጣል። ምሳሌሽ ላይ ቁልፉ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ከተቀመጠ፣ እመኚኝ፣ ያው ቁልፍ ከዓመት በኋላ በሆነ መጋዘን ኮምፒውተር ላይ ይገኛል። ምስጠራ ከጨመርሽ ደግሞ ኖንስ የሚባለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው 24 ባይት አለ። ምሳሌሽ ላይ ለማሳጠር ብለሽ 24 ዜሮ ካደረግሽው ሁሉም ሰው 24 ዜሮ ያደርጋል፤ ምስጠራው በዚያው አለቀ። ስለዚህ ምሳሌው ተገልብጦ ቢሄድ ጉዳት የማያመጣ ይሁን፤ ሁለት መስመር ቢረዝም ይርዘም። የሰነድ ምሳሌን እንደ ቴስት በሚያስኬደው በዶክቴስት አስኪጂው፤ ኮዱ ተለውጦ ምሳሌው ከቀረ ያን ጊዜ ይወድቃል። ቢያንስ አንዱ ምሳሌ የእንቢታ ይሁን፦ የተለወጠ መሸኛ፣ የተነሳው ኤክሴፕሽን፣ ፕሮግራሙ ያደረገው።

ትክክል የሆነ ሰነድ ብቻውንም አይበቃም። ከድረ ገጽ ዳታ በሚያመጣው በከርል ውስጥ የድረ ገጹ ስም ከሰርተፍኬቱ ጋር መግጠሙን የሚያዝ አንድ ቅንብር ነበር። 2 ማለት «ይግጠም» ነው። 1 ማለት «ስም መኖሩን ብቻ እይ» ነበር። ይሄ ተጽፎ ነበር። በፒኤችፒ የሚጽፉ ሰዎች ግን ቅንብሩን ሲያዩ «አዎ ወይም አይደለም» የሚባል መሰላቸው። «እውነት» ብለው አስገቡ። እውነት ወደ ሲ ሲሻገር 1 ሆነ። ማረጋገጫውን ያበሩ መስሏቸው አጠፉት። በ2012 ነገሩ በሰፊው ሲታወቅ ከርል 1ን እንደ ስህተት መቁጠር ጀመረ። አየሽ፣ ሰነድ በማሻሻል ብቻ አልቆሙም፤ መሳሳቻውን ዘጉት። «ተጠንቀቁ» ብለሽ የጻፍሽውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ እንዲህ ጠይቂው፦ ይሄን ኮዱ ራሱ ሊከለክል አይችልም?

ኮዱ የማይችለው ግን አለ። እሱን ሳታለባብሺ ጻፊ። ለምሳሌ የፓይተን ባይት ከተፈጠረ በኋላ አይለወጥም፤ ስለዚህ የምስጢር ቁልፉን ከሜሞሪ እናጠፋዋለን ማለት አትችዪም። «አናጠፋውም» ብለሽ ጻፊ። ሌላው ደግሞ ለእኛ አገር የተለየ ነው። «ሐረር» እና «ሀረር» በንባብም በትርጉምም አንድ ናቸው። ለፊርማው ግን ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው፤ ዩኒኮድም አንድ አያደርጋቸውም። 40 እና ፵ም እንዲሁ። ባዶ ቦታ እና ሁለት ነጥብም እንዲሁ። አንድ ጸሐፊ መሸኛውን አይታ እንደገና ብትተይበው እንቢ ይላታል፤ «ሲስተሙ ተበላሽቷል» ትላለች። ትክክሏን ነው፤ ማንም አልነገራትም። ሰነዱ ላይ «የሚረጋገጠው ባይቱ ነው፤ የቃሉ ትርጉም አይደለም» ብለሽ ከነምሳሌው አስቀምጪ። ፊደሎቹን ራስሽ አንድ ለማድረግ ግን እንዳትሞክሪ፤ ያ ሌላ በር መክፈት ነው። እግረ መንገዴን፣ አንድ ቀን የይለፍ ቃል ከነካሽ ቢክሪፕት (የይለፍ ቃል ማከማቻ ዘዴው) 72 ባይት ላይ እንደሚያበቃ አስታውሺ። በአማርኛ 24 ፊደል ነው። ረዘም ያለ ተረትና ምሳሌ የይለፍ ቃል ያደረገ ሰው ግማሹን በከንቱ ነው የሚተይበው።

ስለ ቋንቋው የጠየቅሽው፦ የፈንክሽንና የኤክሴፕሽን ስሞችን አትተርጉሚ። ሰው የሚፈልጋቸው በዚያው ስማቸው ነው። ማብራሪያውን ግን በአማርኛ ጻፊ፤ ነገ ይሄን ኮድ የሚረከበው ልጅ ከእኛው መሐል ነው። አንድ ቃል ላይ ተጠንቀቂ። «ኮድ ማድረግ» የሚባለው በአማርኛ ምስጠራንም፣ ወደ ባይት መቀየርንም፣ ቤዝ-64ንም (ባይትን በተራ ፊደልና አኃዝ መጻፍ ነው) ይይዛል። አብሮኝ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ቤዝ-64 ያደረገውን ዳታ ተመስጥሯል ብሎ ሊልክ ነበር። «ምስጠራ»፣ «ፊርማ»፣ «ቅየራ» ብለሽ ለያያቸው፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ ልዩነቱን ጻፊ። መፈረም ጽሑፉን እንደማይደብቅም እዚያው ንገሪያቸው። ስንቱ እንደሚደብቅ እንደሚያስብ ብታውቂ ትገረሚያለሽ።

ሌላ አንድ ገጽ ደግሞ በር ላይ ለሚቆመው ሰው ጻፊ። ኮድ የለበትም። ማሽኑ «አልተረጋገጠም» ሲል ምን ያድርግ? መኪናውን ያቁም? ለማን ይደውል? ደግሞ ይሞክር? እኛ መጋዘን ድንቹ ከታወቀ በኋላ የተለጠፈው ወረቀት ሦስት መስመር ነበር፤ ያረቀቀችውም ያቺው ያላመንኳት ጸሐፊ ናት። «ጽሑፉን አታስተካክል» የሚለው መስመር የሷ ነው። እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ለአለቃሽ የ63 ቴስት ዝርዝር አታሳዪው፤ ምንም አይነግረውም። ሰኞ ጠዋት አንድ የተፈረመ መሸኛ ይዘሽ ግቢ። ይረጋገጥ። ከዚያ ኪቦርዱን ለሱ ስጪውና የፈለገውን አንድ አኃዝ ራሱ ይለውጥ። እንደገና አረጋግጪው፤ እንቢ ሲል ይየው። ከቻልሽ የድንች መሸኛ ይሁን።